በባቲ ቅኝት የተቸነከረ ከበሮ

የሞተ አባት ለልጁ የተወውን ቃል «አስተካከልኩት» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ እናንተ ምን ትሉት ነበር? (ቀበና፣ ግድግዳዋ በፍራሽ የታፈነ ትንሽ ስቱዲዮ፣ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት፤ ከአባቷ ቀብር ትናንት ከናይጄሪያ የተመለሰችው የድምፅ አርቲስት ቡንሚ አያንዋሌ እና እጮኛዋ፣ የድምፅ ባለሙያው መክብብ፤ ከበሮን፣ ክራርንና የቀበና ወንዝን ድምፅ ያጣመረው የጋራ ሥራቸው ለሕዝብ ሊከፈት ሁለት ሰዓት ቀርቶታል።)

ቡንሚ፦ ድገመው እስቲ። ምን አደረግኩት አልክ?

መክብብ፦ አስተካከልኩት። ሌላ ምን ልበል?

ቡንሚ፦ ማን አስተካክል አለህ?

መክብብ፦ ማንም አላለኝም። እጄ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ድምፅ ሳቃና ኖሬ፣ የተንጋደደ ሲያጋጥመው ሳይጠይቀኝ ይሄዳል። ይህን እጅ ስንት ዘፋኝ ነው የሚመርቀው።

ቡንሚ፦ አባቴ ዘፋኝ ነው?

መክብብ፦ ቡንሚዬ፣ ቁጭ በይ። ገና ትናንት መግባትሽ ነው። እህል ቀምሰሻል?

ቡንሚ፦ በእንጀራ አታባብለኝ። ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ። ባለፈው ክረምት አባቴ አገር ኢሴይን ሄጄ አባቴን ምን ብዬ ጠየቅኩት?

መክብብ፦ ታውቂው የለ።

ቡንሚ፦ ካንተ አፍ ልስማው።

መክብብ፦ ለምን ጥለኸን ሄድክ ብለሽ።

ቡንሚ፦ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። «አገሬን አይቼ እመለሳለሁ» ብሎ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እያየ ኖረ። እና ስጠይቀው ምን አደረገ?

መክብብ፦ ዝም አለ።

ቡንሚ፦ ዝም አላለም። ከበሮውን አነሳ። ብብቱ ስር ታቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አራት ደቂቃ መታ። እኔ መቅረጫዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቀዳሁት። ሲጨርስ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «መለስኩልሽ» አለኝ። «በአፌ የማልችለውን እዚህ ውስጥ ብዬዋለሁ። ስሞት ለአብሮ አደጌ ለአያንቱንዴ አሰሚው፤ እሱ በአፉ ይነግርሻል» አለኝ። ይህን ሁሉ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ስነግርህ እንባህ መጥቶ ነበር።

መክብብ፦ አሁንም ይመጣል።

ቡንሚ፦ አቆየው። ቀረጻውን ስሰጥህ ምን አልኩህ?

መክብብ፦ ሥራውን ከቅጂው ሥራ፣ ዋናውን አትንካ።

ቡንሚ፦ እና ለቀብር ስሄድ ስልኬ ላይ የጫንክልኝ የቱን ነው?

መክብብ፦ የተሻለውን ልስጣት ብዬ ነው። ጩኸቱን አጽድቼ፣ ከኋላ የገባውን የዶሮ ድምፅ አውጥቼ፣ ትንሽ ደግሞ አቃንቼ። ለሐዘንሽ የሚሆን ስጦታ መስሎኝ ነበር።

ቡንሚ፦ ስጦታህን ልንገርህ። ባባ አያንቱንዴ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከአባቴ ጋር አንድ ግቢ ያደጉ፣ ከአንድ ሰው እግር ሥር ከበሮ የተማሩ። ቅዳሜ ዕለት ዘመድ ሁሉ በተቀመጠበት «የአባቴን ቃል ይዤ መጥቻለሁ» አልኩ። ኩራቴን ብታይ። ሽማግሌው ጆሯቸውን ስልኩ ላይ አስጠግተው ሰሙ። ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። ሦስተኛ አስደገሙኝ። ከዚያ ያሉትን ታውቃለህ?

መክብብ፦ በስልክ ነግረሽኛል።

ቡንሚ፦ በስልክ እያለቀስኩ ነበር፤ አሁን በደረቅ ዓይኔ ስማኝ። «እጁ የአያንዋሌ ነው፤ አፉ ግን የለም» አሉ። የእህታቸው ልጅ ነበረች በእንግሊዝኛ የምትተረጉምልኝ፤ ልጅቷ አፍራ መሬት መሬት ታያለች። ሽማግሌው ቀጠሉ። «ምላሱን ማን ነው የቆረጠው?» አሉኝ። መክብብ፣ እዚያ ሰው መሃል ስልኬን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

መክብብ፦ እኔስ በምን ልወቅ? ዮሩባ አልችል።

ቡንሚ፦ ስንት ጊዜ ነው ያስረዳሁህ? የከበሮውን ገመድ በክንድህ ስትጨምቀው ድምፁ ይወጣል፤ ስታላላው ይወርዳል። ዮሩባዎቹ ሲያወሩም ቃል ከቃል የሚለዩት በዚያ መውጣትና መውረድ ነው፤ ከበሮው አፍ ያወጣው ለዚህ ነው። አንተ የወጣውንም የወረደውንም ሰብስበህ አምስት የባቲ ድምፅ ላይ ቸነከርከው።

መክብብ፦ የተንሸራተተ መስሎኝ ነው። ከክራሩ ጋር አልገጥም አለኝ።

ቡንሚ፦ ክራሩን ወደ ከበሮው ለምን አላመጣኸውም?

መክብብ፦ ክራሩን?

ቡንሚ፦ አየህ፣ አልታሰበህም። ክራሩ የቤት ልጅ ነው፤ ከበሮው እንግዳ ነው። ሁልጊዜ የሚስተካከለው እንግዳው ነው።

መክብብ፦ ይህን ጋዜጣ ላይ ስትጽፊው ያምርብሻል። እኔ ላይ ግን አትጻፊው።

ቡንሚ፦ ጽፌው የለም እንዴ? «የሰው አገር ከበሮ ለዘፈን ማጀቢያ የሚያደርግ የሰው አፍ ያፍናል» ብዬ ስጽፍ ፊደሉን ማን ነው ያረመልኝ?

መክብብ፦ ያኔም እጄ ነው።

ቡንሚ፦ አታስቀኝ።

መክብብ፦ ሳቅሽ እኮ።

ቡንሚ፦ ጥርሴ ነው። እኔ አልሳቅኩም።

መክብብ፦ እሺ። ጥፋቴ ነው ብያለሁ። የወያላ ጥሪ ስትቀጂ፣ የልብስ መታጠቢያ ገንዳ ላይ ማይክሮፎን ለጥፈሽ ስትደበድቢ፣ አገሩ ሁሉ «ይህቺ ልጅ ጋራዥ ከፈተች እንዴ» ሲል ማን ነበር አጠገብሽ? አንድ ጊዜ ነው የሳትኩት።

ቡንሚ፦ አንተ ነበርክ። ለዚህ ነው እዚህ ቆሜ የማወራህ፤ ሌላ ሰው ቢሆን በጠበቃ ነበር የምንገናኘው። ንገረኝ፣ ይመለሳል?

መክብብ፦ አይመለስም። ሞክሬያለሁ። አንዴ ከተቃና የት የት ጋ ጠማማ እንደነበር መሣሪያውም አያስታውሰው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ቡንሚ፦ ፈሰሰ አይባልም። ተደፋ ነው።

መክብብ፦ መቅረጫሽ ውስጥ ያለው ካርድስ?

ቡንሚ፦ አፍ አለህ እና ካርዱን ትጠይቀኛለህ። የቀብሩን ከበሮ ልቅዳበት ብዬ አጠፋሁት። «ሁለት ቦታ አስቀምጬዋለሁ፣ አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ ዲስኩ ላይ፣ እንኳን አንቺ መብረቅም አያጠፋው» ያለኝን ሰው አምኜ።

መክብብ፦ እውነቴን ነበር ያኔ።

ቡንሚ፦ ያኔን ያዝልኝ፤ እንመለስበታለን። ቅዳሜ ከዚያ ግቢ ደውዬ ዋናውን ላክልኝ አልኩህ።

መክብብ፦ መስመሩ ይቆራረጥ ነበር።

ቡንሚ፦ «እልካለሁ» ለማለት አልተቆራረጠም። ሰኞ ስደውልስ?

መክብብ፦ ሰኞ ነገርኩሽ። የተቃናውን ሳስቀምጥ በስህተት ዋናው ላይ ጽፌበታለሁ። ከወር በፊት። አላወቅኩም ነበር።

ቡንሚ፦ ባባ አያንቱንዴ እስከ ማክሰኞ ጠበቁ። ጠዋት ጠዋት ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ልክ ለጸሎት እንደሚሄድ ሰው ተጣጥበው በሩ ላይ ይቀመጣሉ። ሳልፍ «መጣ?» ይሉኛል። በአማርኛ ነው የሚሉኝ፤ ቃሏን ከእኔ ነው የተማሯት። «አልመጣም፣ ባባ» እላለሁ። «ነገ» ይላሉ። እሳቸውን ነው ያልቻልኩት። ማክሰኞ ስሰናበታቸው ጆሮዬን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ።

መክብብ፦ ቡንሚ፣ በቃ። ልቤ ካንቺ ጋር አይደለም እንዴ ያለው?

ቡንሚ፦ ልብህማ ያለው አምስት ድምፅ ላይ ነው።

መክብብ፦ እንግዲያው እኔም ልናገር። መቼም ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ያቃናሁትን ስልክሽ ላይ ከመጫኔ በፊት ማዳመጫ አድርገሽ አራት ጊዜ ሰማሽው። እዚያ ወንበር ላይ። ምን አልሽኝ?

ቡንሚ፦ ተወው።

መክብብ፦ አልተውም። ምን አልሽኝ?

ቡንሚ፦ «ጠራልኝ» አልኩህ።

መክብብ፦ «አባቴ እንደዚህ ጥርት ብሎ ተሰምቶኝ አያውቅም» አልሽኝ። እጄን ነው የሳምሽው፣ ይህንኑ እጅ። ምላሱ ሲቆረጥ አንቺም አጠገቡ ነበርሽ፤ ደሙን አላየሽም። በየሬዲዮው «ከበሮ የአባቶቼ ቋንቋ ነው» ትያለሽ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር።

ቡንሚ፦ ጨረስክ?

መክብብ፦ እንዲህ ልልሽ አልፈለግኩም።

ቡንሚ፦ ልክ ነው ያልከው። ከአውሮፕላን ጀምሮ ሌላ አላሰብኩም። እኔ የአባቴን ቋንቋ የማውቀው ደህና አደርክ፣ ውሃ ስጠኝ፣ በቃ። የዋናው ድምፅ ሻካራ ነበር፤ ያንተ ጣመኝ። አሥር ዓመት «ስሙ፣ ስሙ» ብዬ ሰው ስሰድብ ኖሬ፣ አባቴ ሲያወራኝና ሌላ ሰው በአፉ ሲያወራበት መለየት አልቻልኩም። ይህ የእኔ ነው፤ ይዤዋለሁ፤ ለማንም አላሸክመውም።

መክብብ፦ ይቅርታ አድርጊልኝ። ተናድጄ ነው።

ቡንሚ፦ እማዬ ትናንት ከአየር ማረፊያ ስትቀበለኝ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?

መክብብ፦ እትዬ በላይነሽ? ስለ እሱ አንስታ አታውቅም እኮ።

ቡንሚ፦ አንስታ አታውቅም። ፎቶውን እንኳ ደበቀችው እንጂ ቀድዳ አልጣለችም፤ ሳጥን ውስጥ ነው። ታክሲ ውስጥ በመስኮት ውጭ ውጭውን እያየች፣ እንደ ዋዛ፣ «እኔን አነሳኝ?» አለችኝ።

መክብብ፦ ምን አልሻት?

ቡንሚ፦ «ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት። እሷ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ጸጉሯን ተሠርታ መጣች። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ መክብብ። መልስ ልትሰማ ጸጉሯን ተሠራች።

መክብብ፦ አምላኬ።

ቡንሚ፦ ስለዚህ ጠዋት አንተ አዳራሹ ድምፅ ማጉያ ልትሰቅል ስትሄድ እዚህ መጣሁ። ስህተት የሠራ ሰው ቁርጥራጭ ይተዋል ብዬ። አንድ ሁለት ሰከንድ እንኳ ባገኝ፣ ለባባ ብልክላቸው። ኮምፒውተሩን ከፈትኩት።

መክብብ፦ አላገኘሽም።

ቡንሚ፦ አላገኘሁም። ቀን ግን አገኘሁ።

መክብብ፦ የምን ቀን?

ቡንሚ፦ የአባቴ ማህደር መጨረሻ የተነካበትን። ከወር በፊት አላልከኝም? እሁድ ጠዋት ነው፣ አራት ሰዓት ከአሥር። ይህ ኮምፒውተሩ። ዲስኩን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰካሁት። እሱም እሁድ፣ አራት ሰዓት ከአሥራ ስድስት። ቅዳሜ ደወልኩልህ፤ እሁድ ከሁለቱም ቦታ ጠፋ። በስድስት ደቂቃ ልዩነት። አይነጋ መስሏት ይላሉ፤ ቀሪውን ታውቀዋለህ።

መክብብ፦ ማህደሩን ላስተካክል ስል ይሆናል የተነካው።

ቡንሚ፦ ደግሞ አስተካከልክ?

መክብብ፦ ቡንሚ፣ ስሚኝ።

ቡንሚ፦ እየሰማሁህ ነው። መስማት አትችይም ካልከኝ ወዲህ በጣም ነው የምሰማው።

መክብብ፦ የዛሬው መክፈቻ ነበር ያሳሰበኝ። ወረቀቱ ታትሟል፣ እንግዳው ተጠርቷል። ከበሮው አይናገርም ከተባለ ሥራችን አለቀለት።

ቡንሚ፦ ይህን ውሸት ከየት ነው ያመጣኸው? ሥራው የሚሠራው ከቅጂው ነው። ዋናውን ብትልክልኝ ሥራው ምን ይሆን ነበር? ሽማግሌው እዚያው ሰምተው፣ ነግረውኝ፣ እኔም አልቅሼ እመጣ ነበር።

መክብብ፦ ትመጪ ነበር?

ቡንሚ፦ ምን?

መክብብ፦ ትመጪ ነበር ወይ ነው የምልሽ። ቅዳሜ ስትደውዪ ድምፅሽ የሌላ ሰው ነበር። «ክፍሌን ጠርገው ጠበቁኝ» አልሽኝ። «በር ላይ ስሜን ይጠሩታል፣ ማንም አይሳሳተውም» አልሽኝ። እዚህ ሠላሳ አምስት ዓመት ኖረሽ ክፍሌ ያልሽው የለም። እሁድ ጠዋት ልልክልሽ ተነሳሁ። በእግዚአብሔር ስም ነው የምልሽ፣ ልልክ ነበር። ከመላኬ በፊት ልስማው ብዬ ከፈትኩት። መሃሉ ላይ አንድ ቦታ አለ። እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ ቁልቁል ይወድቃል። ሦስት ጊዜ ይደጋግመዋል። ሰው ከሩቅ የሚጠራ ይመስላል።

ቡንሚ፦ ምን ይላል?

መክብብ፦ እኔ ምን አውቃለሁ? «ነይ» የሚል መሰለኝ። ሦስት ጊዜ፣ ነይ፣ ነይ፣ ነይ። እጄ ሄደ።

ቡንሚ፦ እጅህ።

መክብብ፦ እኔ ሄድኩ። እሺ፣ እኔ። ፈርቼ ነው። አባትሽ ዕድሜ ልኩን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራሽ ኖሮ፣ ልንጋባ ሦስት ወር ሲቀረን ከመቃብር ተነስቶ ሊወስድሽ ነው ብዬ።

ቡንሚ፦ «ነይ» ባይልስ? «ይቅር በይኝ» ቢሆንስ? «እናትሽን ሳሚልኝ» ቢሆንስ? የገበያ ወሬም ቢሆን፣ ስድብም ቢሆን፣ የእኔ ስድብ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ስድብ።

መክብብ፦ አውቃለሁ።

ቡንሚ፦ አታውቅም። «ነይ» ብሎኝስ ቢሆን፣ እሄድ እንደሆነ አልሄድ እንደሆነ ማን ነው የሚያውቀው? አልጠየቅከኝም። አንድ ጊዜ «ትተሽኝ ትሄጃለሽ?» ብለህ ብትጠይቀኝ ምን እልህ እንደነበር ታውቃለህ?

መክብብ፦ ምን ትይኝ ነበር?

ቡንሚ፦ አሁን አልነግርህም። አንተም ጠብቅ፤ ልክ እንደ እኔ።

መክብብ፦ ይቅርታ። ከልቤ ነው፣ ይቅርታ።

ቡንሚ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

መክብብ፦ የፈለግሽውን አድርጊኝ። ቀለበቱን ብትጥዪም አልከለክልሽም። የዛሬውን ግን እንሰርዘው። «ሐዘን ላይ ናት» ብዬ በር ላይ ቆሜ ሰው እመልሳለሁ። ማንም ክፉ አይልሽም።

ቡንሚ፦ የታተመው ወረቀት ላይ ምንድን ነው የጻፍከው? አንብብልኝ።

መክብብ፦ አታስነብቢኝ።

ቡንሚ፦ «ከሞት በኋላ ለልጁ የሚናገር አባት።» አንተ ነህ የጻፍከው፤ እኔም አይቼ ጥሩ ነው ብያለሁ። ይከፈታል። ሰው ይምጣ። የቀበና ወንዝም ይሰማ፣ ክራሩም ይሰማ፣ የተቸነከረው ከበሮም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማ። የሚያለቅስም ይኖራል፤ ያምራላ። ከዚያ ማይኩን እይዛለሁ።

መክብብ፦ ምን ልትዪ?

ቡንሚ፦ መጀመሪያ የራሴን። «የአባቴን አፍ ሲቆርጡት አራት ጊዜ ሰምቼ ጠራልኝ ያልኩት እኔ ነኝ» እላለሁ። የሚስቅ ይሳቅ። ጋዜጣ ላይ የሰደብኳቸው ሁሉ ፊት ለፊት ቢቀመጡም ግድ የለኝም።

መክብብ፦ ራስሽን ታዋርጃለሽ። ለምን?

ቡንሚ፦ እማዬ የፊተኛው ወንበር ላይ ስለምትቀመጥ። «ነገ» ያልኳት ዛሬ ስለሆነ።

መክብብ፦ እኔ አልመጣም።

ቡንሚ፦ ትመጣለህ። ድምፅ ማጉያዎቹን ካንተ በቀር የሚያስነሳ የለም፤ አንተም የሠራኸውን ሳትሰማ አታድርም። እኔ የራሴን ስጨርስ በስምህ እጠራሃለሁ። አባቴን በሙሉ አፉ መጨረሻ የሰማህ ሰው አንተ ነህ፤ ከአንተ በኋላ የሰማው ጆሮ በዚህ ምድር ላይ የለም። ትነሳለህ፤ ማይኩን እሰጥሃለሁ፤ እናቴን ዓይን ዓይኗን እያየህ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ትመልስልናለህ፦ አባቴ ምን አለ?